ሦስት ምዕራፍ የቀረው መጽሐፍ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። በእኛ ሰፈር ልጅ ጦር ሜዳ ሄዶ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። ከእኛ ሁለት አጥር አልፈው ያሉት እናት ሁለት ወንዶች ልጆች ሰጥተው አንዱም አልተመለሰላቸውም፤ እስካሁን መኪና ሲቆም በሰሙ ቁጥር በሩ ላይ ብቅ ይላሉ። የእኔ ወንድም ግን ተመልሷል። ይህን ስጽፍ እንኳ ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይሰማኛል። ታዲያ እኔ ምን ሆንኩ ብዬ ነው ወረቀት የማበላሸው? እኚያ እናት ቢያነቡት ምን ይሉኛል?

ብቻ ተናድጃለሁ። ዘንድሮ ኮሌጅ ገባሁ፤ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንድ መምህራችን የጽሑፍ ሥራ ሰጡን። የወደድናቸውን መጻሕፍት፣ ፊልሞችና ሙዚቃዎች መርጠን ለጓደኞቻችን እንድንመክር ነው። ይህ ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ከክፍሉ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ደረቅ ዝርዝር አልፈልግም፤ ከቤተሰባችሁ ኑሮ ጋር አያይዙት» አሉ። አፌ ውስጥ የነበረውን የእስክሪብቶ ክዳን ነክሼ ሰነጠቅሁት።

መምህሩ ምንም አላጠፉም። ይህንኑ ቃል ግን ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከሌላ መምህር ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ የታዘዝኩትን አሳምሬ ሠርቻለሁ። የታዘዝኩትን አሳምሬ መሥራት የልጅነት በሽታዬ ነው። አሁንም እየሠራሁ ነው፤ ግን በዚህኛው የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በከተማችን ፒያሳ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ አብዛኛውን ጊዜ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ወንድሜ ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ስላልመጣለት ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ሙያውን መማር ጀምሮ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ሊመዘግብ መሆኑ ሲሰማ አባቴ ቀድሞ ሄደና «ልጄ ዲላ አጎቱ ዘንድ ነው፤ ቡና ማጠቢያ ሥራ ይዟል» ብሎ አስመዘገበ። አጎቴ በእርግጥ ዲላ አለ። ቡና ማጠቢያም አለ። ወንድሜ ብቻ ነው እዚያ ያልነበረው።

ወንድሜ ጓዳ ነበር። ጓዳችን አባቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚያከማችበት፣ ከላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ያለችው ክፍል ነው። ያቺን መስኮት እናቴ በዩኒፎርም ጨርቅ ጋረደቻት፤ ስለዚህ ወንድሜ አራት ወር ሙሉ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ተቀመጠ። አባቴ የተሰፋ ሸሚዝ በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ ወንድሜ የቁልፍ ቀዳዳውን በእጁ ይሠራል፣ እናቴ ቁልፉን ትተክላለች። በዚያ ዓመት የከተማው ተማሪ ግማሹ ደረቱ ላይ የተቆለፈው በወንድሜ እጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እናቴ ያደገችው ወላይታ ነው። በገበያ አማርኛ ማንም አያሸንፋትም፤ የመጽሐፍ አማርኛ ሲሆን ግን ይከብዳታል። ፊደልም አልቆጠረችም። ወንድሜ ለእሷ ያነብላት ነበር። የከበዳትን ቃል እዚያው ወደ ወላይትኛ ይመልስላታል፤ እኔ ወላይትኛ መስማት እንጂ አጥርቼ መናገር አልችልም። ሕግ ያወጣችው እሷ ናት። አሥር ቀዳዳ ሳይሰፋ መጽሐፍ አይከፈትም። አሥር ከሞላ አንድ ምዕራፍ።

መጽሐፉ ከሩሲያ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነበር፤ ወረቀቱ እንደ ወተት የነጣ፣ ሽፋኑ ጠንካራ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም በበረዶ ሀገር ከመንደር መንደር እየዞረ ሰው ያክማል። የሰዎቹ ስም ሦስት ሦስት ነው፤ አንዱን ይዘህ ሌላው ያመልጥሃል። ወንድሜ ስሙን ሁሉ ጣለው። ሐኪሙን ጋሼ ሐኪም፣ ነርሷን እትዬ መርፌ፣ ክፉውን የመጋዘን ኃላፊ ደግሞ የኛ ቀበሌ ሊቀ መንበር በሚጠራበት ቅጽል ስም ይጠራው ነበር። እናቴ በሳቅ ትፈርሳለች።

«ስድስት ወር ሙሉ በረዶ ወርዶ ጣሪያቸው እንዴት አልተበሳም?» አለችው አንድ ቀን።

«እማዬ፣ ያ በረዶ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። እንደ ጥጥ።»

«ጥጥ ከሆነማ ምን ያማርራቸዋል? ይፍተሉት።»

ይህን የምጽፈው እንድትስቁ አይደለም። በዚያች ጓዳ ውስጥ ምን እንደነበረ እንድታውቁ ነው።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። በየካቲት የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ለግድግዳ ጋዜጣ አዲስ ዓምድ ከፈተ። ዓምዱ ምን እናንብብ፣ ምን እንይ፣ ምን እናዳምጥ ይላል። የክበቡ ኃላፊ የአማርኛ መምህራችን ነበሩ፤ እኔ የእሳቸው ተወዳጅ ተማሪ ነበርኩ። ጽፌ ስሰጣቸው በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ጫሩበት። «ልጄ፣ ይሄ የመጋዘን ዝርዝር ነው። ቤተሰብሽ የት አለ? ማን አነበበልሽ? መቼ? የት ተቀምጣችሁ? ሕይወት ጨምሪበት» አሉኝ። ጨመርኩበታ።

ከመጨመሬ በፊት ግን ተጠነቀቅሁ። ይህን አስምሩበት፤ ተጠንቅቄ ነበር። ቤታችን በጣም የሚደመጠው ካሴት የመዘምራን ነው። ቸርቻችን በመንግሥት ከተዘጋ ዓመታት ሆኖታል፤ ካሴቱን እናቴ የቴፑን ድምፅ ዝቅ አድርጋ ጆሮዋን ለጥፋበት ትሰማዋለች። እሱን አልጻፍኩም። በምትኩ ዋሽንት ብቻ የሚነፋበትን ካሴት ጻፍኩ። ቤተሰቡ በሙሉ የወደደው ፊልም ደግሞ የህንድ ነበር፤ ወንድማማቾች ተጠፋፍተው በመጨረሻ በእናታቸው መሀረብ የሚተዋወቁበት። አባቴ እንኳ አልቅሷል። እሱንም ትቼ ስለ ግድብ ሥራ የሚያሳይ የሶቪየት ፊልም ጻፍኩ። ያን ፊልም በቀበሌው አዳራሽ ሳየው ግድቡ ሲጀመር እንቅልፍ ወስዶኝ ሲመረቅ ነው የነቃሁት። አዳራሹ ውስጥ ያልተኛ ሰው አልነበረም። ለተኙ ሰዎች የተኛሁበትን ፊልም መከርኩ፤ አሁን ሳስበው ያመኛል።

ጽሑፌን አባቴ መረመረው። አባቴ ማንበብ ይችላል፤ ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ ነው።

«ካሴት ያልሽው የቱን ነው?»

«ዋሽንቱን ነው አባባ።»

«ዋሽንት ጥሩ ነው። ዋሽንት አፍ የለውም።» ጣቱ ወረደ። «የህንዱን አልጻፍሽም አይደል?»

«አልጻፍኩም። እየው፣ ግድብ ነው።»

«ግድብ ጥሩ ነው። ሩሲያ ጥሩ ነው።» ወረቀቱን መለሰልኝ። «እንከን የለውም። አስተዋይ ልጅ ወጣሽልኝ።»

ከዚያ ወንድሜ መረመረው። እርሳስ ይዞ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሁለት ፊደል አረመልኝ። ስለ ሩሲያው መጽሐፍ የጻፍኩት ላይ ሲደርስ ቆም አለ። የጻፍኩት ይህ ነበር፦ «ይህን መጽሐፍ ለብቻ ከማንበብ ለቤተሰብ ጮክ ብሎ ማንበብ ይሻላል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ የሐኪሙ ፈረስ ወንዝ ውስጥ የገባበትን ምዕራፍ ሲያነብልን እናቴ በድንጋጤ መርፌዋን ጣቷ ላይ ሰካችው።»

«እዚህ ጋ…» አለ ወንድሜ።

«ምን? ተሳሳትኩ?»

«የለም። ጥሩ ነው።» እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ያንኑ መስመር ድጋሚ አነበበው። «በጣም ጥሩ ነው። ለእማዬ አንብቢላት።»

አነበብኩላት። ጣቷን እያየች ሳቀች።

እንግዲህ ቁጠሩ። ጻፍኩት፣ አባቴ መረመረው፣ ወንድሜ አረመው፣ እናቴ ሰማችው። አራታችንም የፈራነው መዝሙሩን ነው፣ የህንዱን ፊልም ነው፣ ቡርዧ መባልን ነው። በርዕስና በካሴት ሽፋን የምንያዝ መስሎን ነበር። ዲላ አለ ያልነውን ልጅ በገዛ እጄ በትልልቅ ፊደል ጓዳችን ውስጥ አስቀምጬው ማናችንም አላየን። ለዓመታት እንዲህ ነው ያስለመዱን፤ ስለ ቃል እየተጨነቅን ሰውን መርሳት። ይህን ሳስብ የምናደደው በእነሱ ብቻ አይደለም።

ጽሑፌ በትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣ። የክበቡ መምህር ደስ ብሏቸው ለቀበሌው የወጣቶች ማኅበር ሰጡት። መጋቢት ውስጥ በአንድ እሁድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ የተመረጡ ጽሑፎች ይነበባሉ ተባለ። አባቴ አዲስ ቀሚስ ሰፋልኝ፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ወንድሜ ሠራቸው። ከጓዳው ሲሸኘኝ፣ «ስታነቢ አትቸኩይ። ፈረሱ ወንዝ ሲገባ ዝም በይ፣ ሁለት ቁጠሪ፣ ከዚያ ቀጥይ» አለኝ።

እንዳለኝ አደረግሁ። ፈረሱ ወንዝ ሲገባ ዝም አልኩ፣ ሁለት ቆጠርኩ። ስጨርስ ተጨበጨበልኝ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነበር።

የወጣቶች ማኅበሩ ኃላፊ መድረኩ ላይ ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። ይህ ልጅ ከወንድሜ ጋር አራት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ የተማረ ነው። ቤታችን መጥቶ በልቶ ያውቃል፣ ከወንድሜ መጽሐፍ ተውሶ ያልመለሰው አለ። እሱ ራሱ ለምን እንዳልዘመተ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ሌላውን የሚያዘምት ሰው አይዘምትም። ሽልማቴን አነሳና ፈገግ አለልኝ።

«ጎበዝ እህት! በጣም ጎበዝ። አንቺ ቤት ንባብ አለ ማለት ነው።»

«አዎ ጓድ።»

«ይሄ የሚያነብላችሁ ወንድምሽ ስንተኛው ነው?»

እኔ ጥያቄ ሲጠየቅ እጄን ቀድሜ የማወጣ ልጅ ነኝ። ሲያመሰግኑኝ ደግሞ የባሰ እፈጥናለሁ።

«አንድ ብቻ ነው ያለኝ፣ ጓድ!» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ምኑ እንዳሳቃቸው አላውቅም፤ ምናልባት ድምፄ። እሱም ሳቀ፤ እየሳቀም በር ላይ ለቆሙት ሁለት ጥበቃዎች በአገጩ ምልክት ሰጠ። ሽልማቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሁለቱ ጥበቃዎች ሲወጡ ጀርባቸውን አየሁ፤ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከአዳራሹ ቤታችን ሩጫ ካሉት ሩቅ አይደለም። ልወጣ ስል ኃላፊው «እህት፣ ተቀመጪ እንጂ፤ የጓዶችሽን ሳትሰሚ?» አለኝ። ተቀመጥኩ። አልጮህኩም፣ አልወደቅሁም፣ አመመኝ ብዬ አልዋሸሁም። ከእኔ ቀጥሎ አንድ ልጅ ስለ እርሻ ማኅበራት ግጥም አነበበ። ሲጨርስ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ካለው ሁሉ ለራሴ ይቅር ያላልኩት ይህችን ጭብጨባ ነው።

ስደርስ ደጃችን ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል። ጓዳው በሩ ተበርግዷል፣ መስኮቱን የጋረደው ጨርቅ ወድቆ ፀሐይ ገብቶበታል። እናቴ ቁርጥራጩ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ገና ቁልፍ ያልተተከለለት ሸሚዝ፣ በሌላው መጽሐፉን ይዛለች። ቀና ብላ አየችኝ። አዲሱን ቀሚሴን አየች፣ ሽልማቴን አየች።

«ጨርሰሽ መጣሽ?» አለች። «አጨበጨቡልሽ?»

አባቴ ከፒያሳ ተጠርቶ ሲመጣ አልጮኸብኝም። ወረቀቱን ስጪኝ አለና እንደ መጀመሪያው ጊዜ ጣቱን እያስኬደ አነበበው። ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «እኔ እኮ አይቼዋለሁ» አለ፤ ለእኔ አይደለም። «በዚህች በጣቴ ነክቼው አልፌያለሁ።» እሱና እናቴ ለሦስት ቀን ወደ ቀበሌው ተመላለሱ። «ልጅዎ የአገሩን ዳር ድንበር ሊጠብቅ ነው፤ ይኩሩ እንጂ» አሏት። በአራተኛው ቀን ወንድሜን ከሌሎች ጋር በካሚዮን ጭነው ወደ ማሠልጠኛ ወሰዱት።

የክበቡን መምህር ኮሪደር ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። «የቤተሰብሽን ሕይወት ጨምሪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ግራ ቀኝ አዩ። «ልጄ፣ እኔ ሥነ ጽሑፍ ነው ያስተማርኩሽ። ቤታችሁ ማን እንዳለ እኔ በምን አውቄ?» እውነታቸውን ነው። እውነታቸው ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ካዩኝ መንገድ ይቀይሩ ነበር፤ በፈተና ግን ሙሉ ይሰጡኛል። ያን ሙሉ ማርክ እየወሰድኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ።

ሽልማቴ የመሪዎች ንግግሮች መጽሐፍ ነበር። እናቴ የከሰል ካውያዋን ታሳርፍበት ጀመር። የሽፋኑ መሀል ተቃጥሎ የካውያ ቅርጽ ወጣበት። ከመጻሕፍት ሁሉ ለአገልግሎት የምመክረው እሱን ነው።

የሩሲያው መጽሐፍ ሦስት ምዕራፍ ቀርቶት ነበር። ጋሼ ሐኪም በሽተኛ ሊያይ በበረዶ መሀል መንገድ ጠፍቶት እንደቆመ ቀረ። እናቴ ወንድሜ የደረሰበት ገጽ ላይ ክር አስገብታ መጽሐፉን በዩኒፎርም ቁራጭ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ጥቂት ሳምንት አልፎ እንደ ፈራሁ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ የቀረውን እኔ ላንብብልሽ?»

«ካንቺ የሰማሁት ይበቃኛል» አለች።

ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ አንድ ቃል አላከለችበትም፣ አንድ ቃልም አልቀነሰችም። ምግብ ትሰጠኛለች፣ ጸጉሬን ትሠራኛለች፣ ስታመም አጠገቤ ትቀመጣለች። መጽሐፉን ግን አትሰጠኝም። ብትደበድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዋሽንት ካሴት እየከፈትኩ ለብቻዬ እሰማ ጀመር። የቴፑ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቼ መልሼ አስገባለሁ፤ ዋሽንቱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይነፋና ቆየት ሲል እየጎተተ እየወፈረ ይሄዳል። ካሴቱን እመክራለሁ፤ ግን በደከመ ድንጋይ ስሙት።

ከወንድሜ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁለት ደብዳቤ ደረሰን። ሁለተኛውን ያነበበው አባቴ ነው፤ እኔ እንዳነብ አልተጠየቅሁም። ደህና መሆኑን ይናገርና ከታች፣ «እማዬ፣ ጋሼ ሐኪም መንገዱን አገኘ? ካነበባችሁ ጻፉልኝ» ይላል። እናቴ «አላነበብንም ብለህ ጻፍለት» አለች። «እሱ መጥቶ ይጨርሰው በለው።» ከዚያ ደብዳቤ ተቋረጠ። አባቴ እንደ ፈራን ከመናገር ሸሚዝ መስፋት መረጠ። የቁልፍ ቀዳዳውን እኔ እሠራ ጀመር፤ የእኔ ይተረተራል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ወደቀ፣ ሠራዊቱም ተበተነ። ከሻሸመኔ በሚመጣው መንገድ ላይ ወታደሮች በቡድን በቡድን እየተጎተቱ ይመጡ ጀመር፤ እናቴ በየቀኑ እስከ መንገዱ ወጥታ ፊታቸውን አንድ በአንድ ታያለች። ሰኔ ሊጋመስ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ በጋሪ ተጭኖ እደጃችን ወረደ። እናቴ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ሆና ሌሎቹን እያየች ነበር። ከቤት ያገኘው እኔን ነው። ፊቱ ሁሉ አጥንት ሆኗል። ኮሌታው ውስጥ መርፌ ሰክቷል፤ ለአለቆቹ ልብስ ሲጠግን ኖሯል።

ሁለት ዓመት ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ሁለት ቀን ታገስኩና ብቻችንን ስንሆን ጀመርኩት። «ያን መስመር ስጽፍ…» ስል እጁን አነሳ።

«አይቼው ነበር እኮ» አለ።

«ምኑን?»

«ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ያልሽውን። ሳርምልሽ አይቼዋለሁ። ይሄ ያስይዘኛል ብዬ አስቤያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልሰረዝከውም? እርሳስ እጅህ ላይ ነበር!»

«አራት ወር ዲላ ነው ስትሉኝ ከረማችሁ። ለሰው ስትናገሩ ከውስጥ ሆኜ እሰማችኋለሁ። አንቺ ደግሞ እዚህ ነው ብለሽ ጻፍሽ። ደስ አለኝ። ማን ልብ ይለዋል አልኩ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ጥሩም ጽፈሽው ነበር።»

እዚህ ላይ ማልቀስ ወይም ማቀፍ የሚጠበቅብኝ ይመስለኛል። እኔ ግን እጄ ላይ የነበረውን ሸሚዝ ወረወርኩበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ተሸከምኩት እኮ! እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ መጽሐፍ ስትከለክለኝ ጥፋቱ ላይ የእሱም እጅ ነበረበት። ደስ አለኝ ይላል። «ጅል!» አልኩት። «ጅል ነህ! አንተም፣ እኔም፣ አባባም!» ሸሚዙን አንስቶ የሰፋሁትን የቁልፍ ቀዳዳ አየና «ይሄንን ግን ማን ነው ያበላሸው?» አለ። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

እናቴ በዚያው ሳምንት መጽሐፉን ከሳጥኗ አውጥታ ጨርቁን ፈታችና ለወንድሜ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። ማሠልጠኛ ሳለ ድምፁን ሰምተው ኖሮ፣ የጦሩ የፖለቲካ ኃላፊ በየማለዳው ጋዜጣና መግለጫ እያስነሳ ሲያስነብበው ከርሟል። ድል ሲነገር እሱ ነው የሚያነበው፤ የሞቱት ስም ሲጠራም እሱ ነው። «ጮክ ብዬ ማንበብ በቃኝ እማዬ። ከአፌ አይወጣም» አላት። መጽሐፉ ተመልሶ ወደ ሳጥኑ ገባ። እሷም መጠየቅ አላቆመችም፣ እሱም እምቢ ማለት አላቆመም። አንድ ወር ያህል እንዲህ ሆነ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሁላችንም ቁልፍና ሸሚዝ ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ ወንድሜ ቀና ሳይል «እማዬ፣ እሷ ታንብብ፤ የከበደሽን እኔ እመልስልሻለሁ» አለ። እናቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ከዚያ ተነስታ ሳጥኑን ከፈተች፤ መጽሐፉን እጄ ላይ ስታስቀምጥ «ቀስ እያልሽ» አለችኝ።

በቀን አንድ ምዕራፍ አነበብኩ፤ አሥሩን ቀዳዳ የሚሞላው ወንድሜ ነው። በየመስመሩ መጨረሻ ወንድሜ ዝቅ ባለ ድምፅ ወደ ወላይትኛ ይመልሳል። በሦስተኛው ቀን መጨረሻው ላይ ደረስን።

መጨረሻው የማይረባ ነው። በግልጽ ልናገር፤ መጽሐፉን አልመክርም። ጋሼ ሐኪም መንገዱን ያገኛል፣ ይህ ደህና። ከዚያ ግን ትልቅ ባለሥልጣን መጥቶ ኒሻን ደረቱ ላይ ይሰካለታል፣ ዕቅዱ ከተያዘለት ጊዜ በፊት መፈጸሙ ይነገራል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ አለቀ። እናቴ ሁለት ዓመት ሳጥኗ ውስጥ ያስቀመጠችው ይህን ነው። እያነበብኩ ድምፄ በንዴት ይቆራረጥ ነበር። ወንድሜ ግን ሲመልስላት ስለ ኒሻን የሚል ቃል አልሰማሁም። ወላይትኛዬ ለመናገር እንጂ ለመስማት አያንስም። ሐኪሙ በሽተኛውን አድኖ በእግሩ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ፣ ደጅ ላይ ማንም እንዳልነበረ፣ እናቱ መንገድ ወጥታ ሌላ ሰው ስታይ እንደነበረ ነው የነገራት። ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ እናት ከየት መጣችለት?

«እንደዚያ አይልም!» አልኩ። «ያልተጻፈውን አትንገራት።»

«የተጻፈውንማ አንቺ ጻፍሽልን» አለኝ።

አባቴ ከወዲያኛው ጥግ ሳል አደረገ። እናቴ በእጇ ዝም በይ አለችኝ፤ ዓይኗ ወንድሜ ላይ ነው። «እሺ» አለችው። «ቤት ከገባ በኋላስ?» እሱም ቀጠለላት፤ እኔ መጽሐፉን ዘግቼ፣ እየተናደድኩ፣ ክሩን ከውስጡ መዝዤ አወጣሁት። ሐምሌ 14 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር።